እንደነበረ ይሠራልኝ



በዚህ ዓምድ አዘውትረን የምንጨዋወተው ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ጓዳና ስለ ትዳር መሆኑን ታውቃላችሁ። ዛሬ ግን በቤልጂየም አገር፣ ፍላንደርስ በሚባለው ክፍል ስለምትገኝ አንዲት ከተማ ላጫውታችሁ ነው። «የፈረንጅ ከተማ ወሬ ለሴቶችና ለቤተሰብ ዓምድ ምኑ ነው?» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ጥቂት ታገሡኝ። ነገሩ የቤት ነገር ነው፤ የተነሣውም ከእናቴ ቤት ነው።

እናቴ ተወልዳ ያደገችው፣ እኛንም ወልዳ ያሳደገችው ወሎ ውስጥ በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ አባቷ በሠሩት ቤት ነው። አያቴ በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ዘምተው የተመለሱ ሰው ነበሩ። እኔ አልደረስኩባቸውም። የማውቃቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅላ በነበረች አንዲት ፎቶግራፍና በእናቴ ወሬ ብቻ ነው። ቤቱ የድንጋይና የጭቃ ሆኖ፣ ምሰሶው የወይራ፣ በሩ ባለ ሁለት ተካፋች ነበር። በ2014 ዓ.ም. በአካባቢው በነበረው ጦርነት ከባድ መሣሪያ ወደቀበትና ጣራው ተነሣ፤ በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳና የጓዳው ግድግዳም ፈረሱ። እናቴ ቀደም ብላ አዲስ አበባ እኔ ዘንድ መጥታ ስለነበረ ተረፈች። ፎቶግራፏ አልተረፈችም።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በቤተሰባችን ውስጥ አንድ ክርክር ገባ። ሁለቱ ወንድሞቼ «ፍርስራሹ ይጠረግና በብሎኬት ይሠራ፤ በመንገዱ በኩል ሁለት የሱቅ ክፍል ይውጣለት፤ ኪራዩ ለእማዬ መተዳደሪያ ይሆናል» ይላሉ። ክፉ ሐሳብ አይደለም። እናቴ ደግሞ የምትመልሰው አንድ ቃል ብቻ ነው። «እንደነበረ ይሠራልኝ» ትላለች፤ ሌላ ማብራሪያ የላትም። አንድ ቀን ብቻ «ድንጋዮቹን እንዳትጥሏቸው» ብላ አከለች። እኔ ከመካከል ሆኜ አስታራቂ ተባልኩ። እውነቱን ልንገራችሁና አስታራቂ አልነበርኩም፤ ልቤ ከወንድሞቼ ጋር ነበር። የእናቴን ነገር የእርጅና ግትርነት አድርጌ ነበር የቆጠርኩት፤ አንድ ሁለት ጊዜም በስልክ ተቆጥቻታለሁ።

ይህ ክርክር ሳይቋጭ ነው ለአጭር ሥልጠና ወደ ብራስልስ የሄድኩት። በዚያ የአክስቴ ልጅ አለች። ከአሥር ዓመት በላይ ኖራበታለች፤ ሥራዋ በአረጋውያን መኖሪያ ቤት ውስጥ ሽማግሌዎችን መንከባከብ ነው። ቋንቋቸውን አብጠርጥራ ታውቃለች። አንድ ቅዳሜ ዕለት «ነይ፣ አንቺን የመሰለች የቤት ጉዳይ ያላት ከተማ ላሳይሽ» አለችኝና በባቡር ተሳፈርን። ሁለት ሰዓት ያህል ከተጓዝን በኋላ ኢፐር ደረስን። ነዋሪዎቿ በፍላማንኛ ኢፐር ይሏታል፤ ፈረንሳዮች ኢፕር፣ በጦርነቱ ጊዜ የነበሩት የእንግሊዝ ወታደሮች ደግሞ ስሟ ለምላሳቸው አልመች ብሏቸው ዋይፐርስ ይሏት ነበር።

ከባቡር ጣቢያው በእግር ትንሽ እንደ ሄድን አንድ ሰፊ አደባባይ ላይ ወጣን። ፊት ለፊታችን ያለው ሕንፃ ከዳር እስከ ዳር በአንድ እይታ አይጠቃለልም። ግርማው ያስደነግጣል፤ ከመካከሉም ሰባ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ግንብ ተነሥቷል። የጨርቅ ገበያ ይባላል። ኢፐር በጥንት ዘመን ከጌንትና ከብሩዥ ጋር ሦስተኛዋ የፍላንደርስ ታላቅ ከተማ ነበረች፤ ሀብቷም ከእንግሊዝ አገር በሚመጣ የበግ ፀጉር ከሚሠራ ጨርቅ የተገኘ ነበር። ሕንፃው ጨርቁ የሚመረመርበት፣ የሚከማችበትና የሚሸጥበት አዳራሽ ሆኖ በ1304 ገደማ ተጠናቀቀ። (ስለ ውጭ አገር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጨርቅና ፀጉር ባለበት አይጥ አይጠፋምና ድመቶችም በብዛት ይኖሩበት ነበር ይባላል። የሚያሳዝነው ግን በዓመት አንድ ቀን ድመቶችን ከግንቡ አናት ወደ ታች የመወርወር ልማድ መኖሩ ነው። በሕይወት ያለ ድመት ለመጨረሻ ጊዜ የተወረወረው በ1817 ነው። ዛሬ በየሦስት ዓመቱ በሚከበረው የድመት በዓል የሚወረወረው የጨርቅ አሻንጉሊት ሲሆን፣ ሕፃናት ከሥር ሆነው ይሻሙታል። ድመት ለምትወድ ሴት ይህን ማለፍ ከባድ ስለሆነብኝ ነው ያነሣሁት።

በአደባባዩ ዙሪያ ያሉት ቤቶችም ቁልቁለታማ ጣራና እንደ ደረጃ የተቆራረጠ ግንባር ያላቸው፣ የጥንት የሚመስሉ ናቸው። እኔም አፌን ከፍቼ «ስንት መቶ ዓመት ቆመዋል ማለት ነው?» አልኩ። የአክስቴ ልጅ ሳቀች። «አንዱም መቶ ዓመት ብዙም አላለፈው። ይህ ያየሽው ሁሉ ጠፍቶ እንደገና የተሠራ ነው» አለችኝ። ተጠግቼ ሳይ በአንዳንዱ ቤት ግንባር ላይ የተሠራበት ዓመት ተጽፏል፤ 1922፣ 1924 ይላል።

እንደሚታወቀው አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 ሲፈነዳ የጀርመን ጦር ቤልጂየምን ጥሶ ገባ። ኢፐር ወደ ባሕሩ ወደቦች በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች በመሆኗ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የቤልጂየም ጦር እዚያ ቆሞ ገታው። ጀርመኖች ከተማዋን ይዘው ሊያጸኑ አልቻሉም፤ ነገር ግን በዙሪያዋ ካሉት ኮረብቶች ላይ ሆነው አራት ዓመት ሙሉ በመድፍ ደበደቧት። የጨርቅ ገበያው በኅዳር 1914 ተቃጠለ። ከጦርነቱ በፊት ከአሥራ ሰባት ሺህ ያላነሰ ሕዝብ ይኖርባት ነበር። የቀሩትም በምድር ቤት ተሸሽገው ሳለ የአንጀት ተስቦ ገባባቸው። ካሚል ደላሬ የሚባሉ ቄስና ጥቂት መነኮሳት እማሆዎች ድውያንን እያስታመሙና ሙታንን እየቀበሩ ቆዩ። በግንቦት 1915 ግን የተረፈው ሰው ሁሉ እንዲወጣ ታዘዘ። ጦርነቱ በ1918 ሲያበቃ በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ከከተማዋ አንድ ዳር ሆኖ ሌላውን ዳር ማየት ይችል ነበር ይባላል።

እንግዲህ ክርክሩ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ስሰማው የእኛን ቤት ክርክር የሰማሁ መስሎኝ ነበር፤ ልዩነቱ የእነርሱ ተከራካሪዎች ትልልቅ ሰዎች መሆናቸው ብቻ ነው። በ1919 መጀመሪያ ላይ የእንግሊዙ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል ፍርስራሹ በሞላው እንዳለ ተጠብቆ እንዲቀር ፈለጉ። በዚያ አካባቢ ቁጥር ስፍር የሌለው የእንግሊዝ ወታደር አልቋልና ቦታው ለሕዝባቸው እንደ ቅዱስ ቦታ ሆኖ ይኑር ባይ ነበሩ። ከቤልጂየማውያንም መካከል ኧዠን ዱዊክ የሚባሉ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ቢያንስ የጨርቅ ገበያውና የቤተ ክርስቲያኑ ፍርስራሽ ይጠበቅ አሉ። ሌሎች «አዲስ ዘመን ነውና አዲስ ከተማ ይሠራ» የሚሉም ነበሩ። የከተማዋ ከንቲባ ረኔ ኮላርት ግን እንደነበረች ትሠራ አሉ። ከጎናቸው የቆሙት የከተማዋ የሕንፃ ባለሙያ ዡል ኮማንስ ነበሩ። እኒህ ሰው ከጦርነቱ በፊት የጨርቅ ገበያውን ሲያድሱ የኖሩ በመሆናቸው ልኩንና ንድፉን ያውቁት ነበር።

መጨረሻ ላይ ያሸነፉት እንደነበረች ትሠራ ያሉት ናቸው። መኖሪያ ቤቶቹ አብዛኞቹ በ1920ዎቹ ዓመታት ተሠሩ፤ ወጪውም በከፊል ጀርመን ከከፈለችው ካሣ የተገኘ ነው። የጨርቅ ገበያው ግን ረጅም ጊዜ ወሰደ። ኮማንስ በ1937 ሞቱና ፓውዌልስ የሚባሉ ባለሙያ ሥራውን ቀጠሉ። በመካከሉ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። የተፈጸመው በ1967 ነው። በ1914 የተቃጠለ ሕንፃ በ1967 ተመረቀ ማለት፣ ሲቃጠል ያየች የሰባት ዓመት ልጅ ሥራው ሲያልቅ የስድሳ ዓመት አሮጊት ሆናለች ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የአክስቴ ልጅ ስትነግረኝ እኔ ልቤ የሄደው ወደ ሚኒስትሩም ወደ ከንቲባውም አይደለም። ይህ ሁሉ ውይይት ሲካሄድ ሴቶቹ የት ነበሩ? ልጆቻቸውንስ የት አስቀመጧቸው?

ቡና ልንጠጣ ገብተን ሳለን መልሱ ከጎናችን ተቀምጦ አገኘነው። አንዲት ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ወይዘሮ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። በአማርኛ ስናወራ ሰምተው ምን ቋንቋ እንደ ሆነ ጠየቁን፤ ከዚያ ወሬው ቀጠለ። የአክስቴ ልጅ እያስተረጎመች የነገሩኝን እንደሚከተለው ባጭሩ አቀርበዋለሁ።

አያታቸው ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ከተሰደዱበት ከፈረንሳይ አገር በ1920 ሦስት ልጆች ይዘው ተመለሱ። መንገድ የለም፣ የመንገድ ስም የለም፣ ዛፍ የለም። ቤታቸው የነበረበትን ቦታ ያገኙት በጓሮአቸው በነበረ የውኃ ጉድጓድ አፍ ነው። በዚያን ጊዜ በንጉሥ አልበርት ስም የተቋቋመ ድርጅት ለተመላሾች ከእንጨት የተሠሩ ቤቶች ይሰጥ ነበርና እርሳቸውም ከከተማው ዳር አንድ ክፍል አገኙ። ሌሎች የወታደር ምሽግ ውስጥና ምድር ቤት ውስጥ ይኖሩ ነበር። መተዳደሪያቸውም የልጆቻቸውንና የባሎቻቸውን መቃብር ፍለጋ ለሚመጡት የእንግሊዝ እናቶችና ሚስቶች ሻይና ምግብ መሸጥ ነበር። ልጆቹ ደግሞ ከመስኩ መዳብና እርሳስ እየለቀሙ ይሸጣሉ። ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ እንደ ድንጋይ ፈስሶ ነበርና በዚህ ሥራ ብዙ ሰው እጁን፣ ብዙ ሰው ሕይወቱን አጥቷል። ዛሬም ቢሆን በዚያ አገር ገበሬው ሲያርስ ያወጣውን ቦምብ ከመንገድ ዳር ያስቀምጠዋል፤ የቤልጂየም ጦር ባለሙያዎች እየዞሩ ይሰበስቡታል። በየዓመቱ የሚሰበሰበው ከመቶ ቶን ይበልጣል።

«ታዲያ አያትዎ ከተማው እንደነበረ በመሠራቱ ደስ አላቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የጠበቅሁት «አዎን» የሚል መልስ ነበር። ወይዘሮዋ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። አዲሱን ቤት ሲረከቡ ግንባሩ ከቀድሞው ቤት ይልቅ የጥንት የሚመስል፣ የሚያምር ሆኖ አገኙት። ውስጡ ግን ሌላ ነበር። ደረጃው በቀኝ መሆኑ ቀርቶ በግራ ተሠርቷል። አያታቸው እስኪሞቱ ድረስ በጨለማ ሲነሡ እጃቸው ወደ ቀኝ እየሄደ ግድግዳ ይነኩ ነበር። «የእኔን ቤት ይመስላል እንጂ የእኔ ቤት አይደለም» ይሉ ነበር አሉ።

«ታዲያ የእንግሊዙ ሚኒስትር እንዳሉት ፍርስራሹ ቢቀር ይሻል ነበር?» አልኩ። እኒያ ወይዘሮ ሳቅ ብለው ስኒያቸውን አስቀመጡና «ፍርስራሽ ውስጥ ልጅ አይታጠብም» አሉኝ።

ከቡናው በኋላ በጨርቅ ገበያው ውስጥ ያለውን፣ በ1998 የተከፈተውን የጦርነቱን ሙዚየም ገባን። እዚህ ላይ ነው እኔን ያላሰብኩት ነገር የገጠመኝ። የመርዝ ጋዝ የሚታይበት ክፍል አለ። ጀርመኖች ሚያዝያ 22 ቀን 1915 ከኢፐር አጠገብ ክሎሪን የተባለውን ጋዝ ለቀቁ፤ በምዕራቡ ጦር ግንባር በዚያ ብዛት የተለቀቀ የመጀመሪያው መርዝ እርሱ ነበር። በሐምሌ 1917 ደግሞ እዚያው ኢፐር አካባቢ ሌላ አመጡ። ይህኛው የሚያፍን ብቻ ሳይሆን ቆዳ ላይ እንደ ዘይት ተጣብቆ የሚያቃጥል፣ ዓይን የሚያጠፋ፣ ሽታው ሰናፍጭ ሰናፍጭ የሚል ነው። የአክስቴ ልጅ ጽሑፉን ስታነብልኝ ቆየችና «ፈረንሳዮች ስሙን ከዚች ከተማ ስም ወስደው ኢፔሪት አሉት» አለችኝ፤ «ጣልያኖቹም ኢፕሪቴ።»

እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ኢፕሪቴ የሚለውን ቃል በሥራዬ ምክንያት አውቀዋለሁ። በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ አይሮፕላኖች በተከዜ ሸለቆ፣ ኋላም ከማይጨው በኋላ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ በሚያፈገፍገው ወገን ላይ ያዘነቡት እርሱን ነው። ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቭ ውል የፈረመችና ያጸደቀች ነበረች። መንግሥቷ አድራጎቱን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ይህን ሁሉ አንብቤአለሁ። የቃሉ እናት ይህች አበባ በየመስኮቱ የተደረደረባት ከተማ መሆኗን ግን ልብ ብዬ አላውቅም።

አያቴ የተቃጠሉት አሸንጌ አጠገብ ነው። እናቴ ልጅ ሳለች ማታ ማታ ሥራዋ የአባቷን ጀርባ በለብታ ውኃ ማጠብና ቅቤ መቀባት ነበር። ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው ድረስ ቆዳው እንደ ተጨማደደ ብራና ነበር ትላለች። በበጋ ይሰነጠቅ ነበር። የሆነውን ሲጠየቁ «ጠል ወረደብን» ብቻ ይሉ ነበር። ደግሞም በጾም ወራት ሰናፍጭ በቤታቸው አይወቀጥም። ጎረቤት ሁሉ ሰናፍጭና ስልጆ ሲያዘጋጅ እርሳቸው ሽታው ከደረሳቸው ከቤት ይወጣሉ። እናቴ እስከ ዛሬ ሰናፍጭ አትሠራም። እኛም ልጆቿ የቤታችን ልማድ ነው ብለን ለምን ብለን ጠይቀን አናውቅም። ያ ሙዚየም ውስጥ ቆሜ ነው የገባኝ። የአክስቴ ልጅም ገባት፤ የእርሷም አያት ናቸውና። ሁለታችንም ብዙ አልተናገርንም።

ማታ ወደ ሜኔን በር ወሰደችኝ። ይህ በ1927 የተመረቀ፣ እንደ ዋሻ ከላይ የተከደነ ትልቅ የድንጋይ በር ሲሆን፣ በግድግዳው ላይ ከ54 ሺህ በላይ የወታደር ስሞች ተቀርጸዋል፤ ሁሉም ሞተው አስከሬናቸው ያልተገኘ ናቸው። የእንግሊዝ፣ የካናዳ፣ የአውስትራልያ፣ የሕንድም አለ። ግድግዳው ስላልበቃ የሌሎች 35 ሺህ ያህል ወታደሮች ስም ታይን ኮት በሚባለው መካነ መቃብር ተጽፏል። ዛሬም አንዳንድ ጊዜ በእርሻ ውስጥ አጥንት ይገኛል፤ ማንነቱ ታውቆ በስሙ መቃብር ሲያገኝ ስሙ ከግድግዳው ላይ ይነሣል። በየማታው ሁለት ሰዓት ላይ ፖሊስ መንገዱን ይዘጋና የከተማው ሰዎች ጡሩምባ ይነፋሉ። ከ1929 ጀምሮ ይህ ልማድ የተቋረጠው በሁለተኛው ጦርነት ከተማዋ በጀርመን በተያዘችበት ዘመን ብቻ ነው። በመስከረም 1944 የፖላንድ ወታደሮች ነፃ ያወጧት ዕለት ማታ፣ ከከተማዋ በሌላ በኩል ተኩሱ ሳይበርድ፣ ተነፋ።

ጡሩምባው ሲነፋ እኔ የታወሰኝ የሰፈራችን የእድር ጡሩምባ ነፊ ነው። በእኛ ዘንድ ጡሩምባ ጎሕ ሲቀድ አንድ ጊዜ ይነፋል፤ የሞተው ሰው ስም ይጠራል፤ ሰው ነጠላውን እያዘቀዘቀ ይወጣል። ከዚያ ይቀበራል፤ ያበቃል። እነርሱ ስማቸውን ጽፈው ላልቀበሯቸው ሰዎች በየማታው ይነፋሉ። የአያቴ ታናሽ ወንድም ከአሸንጌ አልተመለሱም። መቃብር የላቸውም፤ ስማቸውም የተጻፈበት ግድግዳ የለም። እናታቸው «ይመጣል» እያሉ ተዝካር ሳያወጡላቸው ሞተዋል ሲባል ሰምቻለሁ።

ብራስልስ ስመለስ ለእናቴ ስልክ ደወልኩ። መሽቶ ነበር፤ ደንግጣ ነው ያነሣችው።

«እማዬ፣ የአባባን ጀርባ ያቃጠለው መርዝ ስሙን ያገኘባትን ከተማ አየሁ» አልኳት።

ዝም አለች። ቆይታ «ከተማዋ ምን ትመስላለች?» አለችኝ።

«ታምራለች። በጦርነት ጠፍታ እንደነበረች የተሠራች ናት።»

«ማን ሠራት?»

«ሰዎቿ።»

እንደገና ዝም አለች። ከዚያ እኔ ሳልጠይቃት ስለ ድንጋዮቹ ነገረችኝ። አያቴ ከዘመቻ ተመልሰው ቤቱን ሲሠሩ በጀርባቸው ምንም መሸከም አይችሉም ነበር። ሸማ እንኳ ሲከብዳቸው ያወልቁ ነበር። ስለዚህ ድንጋዩን ከወንዙ ዳር በእጃቸው ይዘው፣ አንድ አንድ እያደረጉ አመላለሱት። ለሰው ክፈሉ ቢባሉ ገንዘቡም አልነበረ። የቤቱ ግድግዳ ድንጋዮች ጥቃቅን የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። በሁለት እጅ ከሚያዝ የሚበልጥ አንድም የለባቸውም።

ታላቅ ወንድሜ ከግንበኛ ጋር መጥቶ ፍርስራሹን ባየ ጊዜ ግንበኛው የተናገረው ትዝ አለኝ። «ይህ ድንጋይ እንደ ጠጠር ያለ ነው፤ ለግንብ አይሆንም፤ ለወለል ሙሌት ይሁን» ብሎ ነበር። እኔም ያን ጊዜ አጠገባቸው ቆሜ በሐሳቡ ተስማምቻለሁ።

«ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽንም?» አልኳት።

«ምኑን?» አለችኝ። «ድንጋዮቹን እንዳትጥሏቸው አላልኳችሁም?»

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ወንድሞቼን ሰብስቤ ይህንኑ ነገርኳቸው። ታናሹ ወዲያው ተረታ። ታላቁ ግን ገንዘብ የሚያወጣው እርሱ ነውና የዋዛ አልሆነም። በድንጋይና በጭቃ የሚሠራ ባለሙያ እየጠፋ መሆኑን፣ ዋጋውም ከብሎኬት እንደሚበልጥ አስረዳን። ነገሩ እውነት ነው። እኔም ከኢፐር የተማርኩትን ሁሉ ባወራለት የሲሚንቶና የእንጨት ዋጋ አይቀንስለትም። የሱቁም ነገር አለ። እናቴ ጡረታ የላትም።

ባለፈው ወር ሁላችንም አብረን ወረድን። እናቴ ፍርስራሹ መካከል ቆማ በበትር መሬቱ ላይ ቤቱን ትሥል ጀመር። «መደቡ እዚህ ነው፤ ጎታው እዚህ፤ ምሰሶው ከዚህ፤ በሩ በዚህ በኩል ነው የሚከፈተው» ትላለች። ታናሽ ወንድሜ በገመድ እየለካ ታላቁ በደብተር ይጽፋል። ደረጃ የለንም እንጂ ብትሳሳት እኒያ የኢፐር ወይዘሮ የነገሩኝን በጨለማ ግድግዳ የሚነካ እጅ እያሰብኩ «እማዬ፣ እርግጠኛ ነሽ?» እያልኩ አስቸገርኳት። ድንጋዮቹን የሰፈር ልጆች ረድተውን ከአጥሩ ሥር ደረደርናቸው። እኔም ተሸክሜአለሁ። እውነትም ሁሉም በሁለት እጅ የሚያዙ ናቸው።

ወደ ማድ ቤቱ ስንደርስ ታላቅ ወንድሜ እርሳሱን ይዞ ቆመ። ያ ማድ ቤት መስኮት አልነበረውም። እናቴ አርባ ዓመት ጢስ ውስጥ ጋግራለች፤ ዓይኗም የደከመው ከዚያ ነው። «እንዴት ይሁን ታዲያ? እንደነበረ ካልሽ ይህም እንደነበረ ጨለማ ይሁን?» አላት፤ ትንሽ ሊያበሽቃት ፈልጎ ነው።

እኔ ስለ ኢፐር የቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ልነግራቸው አሰብኩ። ከጦርነቱ በፊት ግንቡ ጫፍ የሌለው፣ ከላይ ጠፍጣፋ ነበር። እንደነበረ ሲሠሩት ቀድሞ ያልነበረውን ሹል ጫፍ ጨመሩበትና መቶ ሜትር ያህል አደረሱት። ነገር ግን አፌን ሳልከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«መስኮትማ ይውጣለት» አለች፤ በትሯንም በምሥራቅ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አሳረፈች። «አባባም ሊያወጣለት አስቦ ሳይሆንለት ነው የቀረው። እዚህ ላይ። ጠዋት ፀሐይ እንዲገባ።»

ታላቅ ወንድሜ ደብተሩ ላይ «መስኮት፣ 1» ብሎ ጻፈ። ስለ ሱቁ ገና አልተስማማንም።